በዚህ በኩል ይወጣሉ

ሠላሳ ዓመት ያህል አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ቀይ እስክሪብቶ ከቦርሳዬ ጠፍቶ አያውቅም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከቤቴ እስከ ገበያው በእግሬ ስሄድ ስህተት የሌለበት ማስታወቂያ ካየሁ ያ ቀን ለእኔ በዓል ነው። አንዱ ሰፊ "ልብስ ስፌት" ብሎ መጻፍ አቅቶት በትልልቅ ፊደል "ልብ ስፌት" ብሎ ሰቅሏል። ሁለት ጊዜ ገብቼ ነገርኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ "ሰው ገብቶታል እኮ ቲቸር" አለኝ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሰው ገብቶታል እየተባለ ሁሉ ነገር ይታለፋል።

ስብሰባ ወዳዶችን ደግሞ ከሰፊውም አብልጬ እንቃቸዋለሁ። "ከማድረግ አንጻር"፣ "እንደ ወረዳ ሲታይ"፣ "አቅጣጫ ተቀምጧል"። የተቀመጠ አቅጣጫ ተነስቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ግማሾቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ወንበር ላይ ሲወጡ ያስተማርኳቸውን ሁሉ ከታች ጥለውት ነው የሚወጡት።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ አባቴ የተወልኝ ትንሽ የቡና መሬት አለችኝ። መሬቷን የሚያዋስናት ከጫካው ወርዶ ታች ከትልቁ ወንዝ ጋር የሚቀላቀል ገባር ነው። የገባሩ ዳር ገበሬዎች ማኅበር ሲያቋቁሙ "ጸሐፊ ሁኚልን" አሉኝ፤ እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ወንዙን ወድጄ አይደለም። ሌላ ሰው የጻፈውን ቃለ ጉባኤ ማንበብ ስለማልችል ነው።

ከእኔ መሬት ቀጥሎ የአንድ የቤንች ሽማግሌ ቡና ነው። ይህ ሰውዬ ፊደል አልቆጠረም፤ አማርኛን የለመደው ገበያ ውስጥ ነው። ለእኔም፣ ለቄሱም፣ ለላሙም "አንተ" ነው የሚለው። "ቲቸር፣ አንተ ደህና ነህ?" ይለኛል። "ደህና ነኝ ጋሼ" እላለሁ፤ በሆዴ "ነሽ በል" እያልኩ። ጋሼ የምለው ለአፌ ነው። በልቤ ግን "እሱ" ነበር፤ ስለዚህ እዚህም እንደዚያው "እሱ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

እሱ ልጅ ሳለ፣ ዝናቡ ጠንክሮ ውሃው ሲደፈርስ፣ ቅርፊታቸው ወርቅማ የሆነ ዓሦች ከታች ከትልቁ ወንዝ ተነስተው በገባሩ ሽቅብ ይዋኙ ነበር። ጥልቀት የሌለው፣ ፈጠን የሚል ውሃና ንጹሕ ጠጠር ሲያገኙ እዚያ ጠጠሩ መሃል ዕንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። እኔም በልጅነቴ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ውሃው በጀርባቸው ሲያብረቀርቅ። ከዚያ ከተማው አደገ። ፎቅ የሚሠራ ሁሉ ጠጠር ፈለገ፤ ገልባጭ መኪኖች እየተመላለሱ የገባሩን ሆድ ዕቃ ዘርግፈው ወሰዱት። ከላይ ያለው ቡና ማጠቢያ ደግሞ የልጣጩን ውሃ ይለቅበት ጀመር፤ በለቀማ ወራት አፍንጫ ሳይዙ ድልድዩን መሻገር አይቻልም ነበር። ጠጠሩ በተነሳበት ጭቃ ተኛ፤ ዓሦቹም ቀሩ። ለፎቁ ምረቃ ሪባን ተቆርጦ ተጨበጨበ፤ ስለ ዓሦቹ ግን አንድ ሰው እንኳ ወዴት ሄዱ ብሎ አልጠየቀም።

ከሽማግሌው በቀር ማለቴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት መጣ። ፕሮጀክት ሲመጣ ኪሱ የበዛ ሰደሪያ ይመጣል፤ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ምን እንዳለ እስካሁን አላወቅሁም። ከሰደሪያዎቹ መሃል ሰው ሆኖ ያገኘሁት ከዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ የዓሣ መምህር ብቻ ነው። ዕንቁላሉ በጠጠር መሃል የሚጣለው ንጹሕ ውሃ እያለፈ እንዲያስተነፍሰው መሆኑን፣ ጭቃ ከለበሰው ግን ታፍኖ እንደሚሞት ተንበርክኮ በእጁ እያሳየ ነገረን። ጠጠሩ ቢመለስም ዓሦቹ ወዲያው ላይመጡ እንደሚችሉም አልደበቀንም። "ቤቱ ታድሷል የሚል ደብዳቤ አይደርሳቸውም" አለ። "መጀመሪያ ጥቂቶች እየሞከሩ ይገባሉ። ከተመቻቸው እዚያ የተፈለፈሉት ደግሞ በተራቸው ይመጣሉ።" ይህን ሰውዬ ወደድኩት፤ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ማሰሪያ አንቀጽ ነበረው።

ጠጠሩ በጆንያና በቃሬዛ ተመለሰ። ቡና ማጠቢያው ቆሻሻ ውሃውን የሚያቆርበት ጉድጓድ አስቆፈረ። ሽማግሌው ከወንዙ ዳር ያለውን ምርጥ ቡናውን ነቅሎ ቦታውን ለዛፍ ለቀቀ። ማንም አላስገደደውም። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት፤ ልጆቹም ተቆጡት። እኔም ሳቅሁ። የሚያፈራ ቡና ነቅሎ ዓሣ የሚጠብቅ ሰው አያስቅም?

ሁለት ክረምት አለፈ፤ ዓሣ የለም። ድሮ ጠጠሩን በገልባጭ መኪና ያስጭን የነበረው ነጋዴ ዓይኑን ከገባሩ ላይ አልነቀለም ነበርና ቀበሌውን ወተወተ። ስብሰባ ተጠራ፤ "አቅጣጫ ተቀመጠ"። ዘንድሮም ዓሣ ካልታየ ጠጠሩ ለግንባታ ይከፈታል ተባለ። ሽማግሌው ብድግ አለና "ይመጣል" ብሎ ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ ንግግር መሃል እሱ ያላት አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷንም ቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈርኳትም።

ግንቦት ላይ ጃንጥላውን ይዞ ቤቴ መጣ። ለወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እንድጽፍለት ፈልጎ ነው።

"ጻፍ" አለኝ። "ዝናብ ሲመጣ ዓሣ ወደ ላይ ይሄዳል። ታች አትዝጋ። ላይ አትቆፍር።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። አለቀ።"

ሳቄ መጣ። "ወደ ላይ ይሄዳል" የአንደኛ ክፍል አማርኛ ነው። አማርኛ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ ሰው ተራራ ይወጣል፣ ዝንጀሮ ዛፍ ይወጣል፣ ዓሣም ወንዝ ይወጣል። "አትዝጋ፣ አትቆፍር" ተብሎ ደግሞ ለመሥሪያ ቤት አይጻፍም፤ ሰደቡን ይላሉ። ስለዚህ እሱ ጃንጥላውን እያራገፈ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"በክረምቱ መግቢያ ዓሦቹ በዚህ በኩል የሚወጡ መሆኑን እየገለጽን፣ ጽሕፈት ቤቱ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ በአክብሮት እንጠይቃለን።"

ከሥሩ ንድፍ ሠራሁ፤ ገባሩ ከትልቁ ወንዝ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይም በቀይ እስክሪብቶዬ ምልክት አደረግሁ። ደስ አለኝ። አንድም ግድፈት የለበትም ነበር።

"ያልኩት ሁሉ አለበት?" አለኝ።

"ሁሉም አለበት ጋሼ፤ ያውም አምሮበት።"

አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ፈረመና ይዞት ሄደ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከጽሕፈት ቤቱ ተደወለልኝ። "በደብዳቤያችሁ መሠረት ጥንቃቄው ተደርጓል፤ የምረቃ ፕሮግራም ስላለ እንዲገኙ" ይላል የደወለው። ጉልበቴን ያመኛል አልኩ። ጉልበቴ ምንም አልሆነም፤ የታሸገ ውሃ ፊት ለፊት ደርድረው ሲጨባበጡ ላለማየት ነው። ቢበዛ "ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተክለው ይሆናል፣ "ማጥመድ"ንም "ማጥመቅ" ብለው ጽፈውት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለብቻዬ እየሳቅሁ ቡናዬን ጠጣሁ።

የሰኔ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረ ዝናብ ጠዋት አባራ። በየዓመቱ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያለች የምትከራከረኝ፣ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ፣ ሦስት ዓሣ በፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ክርክሩን የረሳችው ይመስላል።

"እንቺ፣ ለጾምሽ" አለችኝ።

አመስግኜ መክተፊያ ላይ አጋደምኳቸው። የመጀመሪያውን ሆድ ስሰነጥቀው ዕንቁላል ሞልቶታል፤ ብርቱካንማ፣ እንደ ማሽላ ፍሬ የደቀቀ፤ ተዘርግፎ እጄ ላይ ፈሰሰ። ቅርፊቱን አየሁ። ወርቅማ ነው።

"ከየት ነው ያመጣሽው?"

"ከገባሩ ነዋ! ሽቦው ሥር ተከማችቶልሻል፤ ሰው በእጁ እያፈሰ ነው።"

"የምን ሽቦ?"

"ጽሕፈት ቤቱ ያሠራው ነዋ። አንቺ የማኅበሩ ጸሐፊ አይደለሽም እንዴ?"

እጄን በቅጡ ሳልታጠብ ባጃጅ ያዝኩ። መንገዱን ሙሉ ስሳደብ ሄድኩ፤ ደንቆሮዎች፣ ሆዳሞች፣ ማይሞች፣ አፌ የመጣልኝን ሁሉ። ሹፌሩ ለእሱ መስሎት ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ከድልድዩ በታች፣ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደረግሁበት ቦታ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ግንድ ተተክሎ የዶሮ ቤት ሽቦ ተወጥሯል። ከሽቦው በላይ "የዓሣ ማምለጥን የመከላከል ሥራ" የሚል ባነር ተንጠልጥሏል። ፊደሉ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ከሽቦው በታች ውሃው በዓሣ ይፈላል። ሽቅብ እየዘለሉ ሽቦውን ይመታሉ፤ ይወድቃሉ፤ እንደገና ይመታሉ። የአንዳንዶቹ አፍንጫ ተልጦ ይደማል። ግማሹ የሚዛን ሰው ጆንያና ባልዲ ይዞ ዳሩን ሞልቶታል። ስንት ዓመት የቀሩት ዓሦች፣ ጠጠሩን ሊያዩ የመጡት፣ በር ተዘግቶባቸው በባልዲ ይታፈሳሉ።

ሽማግሌው ውሃው መሃል ነበር፤ እስከ ወገቡ ጠልቆ። አንድ ዓሣ በሁለት እጁ ያነሳል፣ በሽቦው ላይ አሳልፎ ወዲያ ማዶ ይለቀዋል፤ ተመልሶ ያጎነብሳል። ሌላ ያነሳል። ባልዲ የያዘ ሁሉ ይስቅበታል። እሱ ቀና ብሎም አላያቸውም።

"ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ። "ይህን ሲተክሉ አንተ የት ነበርክ? ለምን ዝም አልክ?"

ቀና አለ። ደክሞታል፤ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል።

"ጠየቅሁ እኮ" አለ። "ቲቸር ነው የጻፈው አሉኝ። አንተ ከጻፍክ እኔ የማላውቀው ነገር አለ ብዬ ነው።"

የሚለው አልገባኝም። የገባኝ መስሎኝ የተናደድኩት በጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ነው፤ ሰደሪያውን ለብሶ ድልድዩ ላይ ቆሞ ፎቶ ያነሳል። ቀረብ ስል ለየሁት። ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ነው፤ ከኋላ ወንበር የማይጠፋ።

"አንተ ነህ ይህን ያደረግኸው? ዓሣ እንዳያመልጥ ብለህ? ኩሬ መሰለህ? ከዚህ ሁሉ ዓመት ትምህርት በኋላ እንዲህ ያለ ድንቁርና ከየት አመጣኸው?"

አልተቆጣም። ይባስ ብሎ አክብሮት ጨመረ። ከቦርሳው ፋይል አውጥቶ ገለጠና "ቲቸር፣ እኛ በጥያቄያችሁ መሠረት ነው የሠራነው" ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። "በክረምቱ መግቢያ ዓሦቹ በዚህ በኩል የሚወጡ መሆኑን እየገለጽን..."

"እህ! ይወጣሉ ይላል እኮ!"

"አዎ። እንዳይወጡ ዘጋነው።"

ወደ ሽቦው ዞርኩ፤ ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ።

"እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩን" አለ፤ የሚያሾፍ አይመስልም፤ የቤት ሥራውን የሠራ ተማሪ ነው የሚመስለው። "የወጣ ተቃራኒው ምንድን ነው ሲሉን፣ ገባ ብለን በአንድ ድምፅ እንመልስ ነበር።"

"ወረደም ነው!" አልኩ። "ወጣ ሁለት ተቃራኒ አለው፤ ገባ እና ወረደ። ሁለቱንም አስተምሬያለሁ!"

"ታዲያ እዚህ ላይ የትኛው እንደሆነ አይልም" አለ።

አይልም። ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ አየሁት። አይልም። የራሴ እጅ ጽሑፍ፣ የራሴ ቀይ ምልክት፣ ከሥሩ የሽማግሌው አውራ ጣት። የትም ብፈልግ "ወደ ላይ" የሚል የለም። "አትዝጋ" የሚልም የለም። እነዚያን ነቅዬ የጣልኳቸው እኔ ነኝ፤ በእነሱ ቦታ "አስፈላጊውን ጥንቃቄ" ብዬ ተክያለሁ። ስብሰባ ላይ ስሰማው የሚያቅለሸልሸኝን ቃል በገዛ እጄ ጽፌ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ከውሃው ወጥቶ ከጎናችን ቆሟል። ልብሱ ይንጠባጠባል። ሲነበብ ሰምቷል። ለባለሙያው "ድገም" አለው። ባለሙያው ደገመለት። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳምጦ ወደ እኔ ዞረ።

"እኔ እንደዚህ አላልኩም" አለኝ።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እስከዚህ መስመር ድረስ "እሱ" ብያቸዋለሁ፤ ያኔ በልቤ እንደዚያ ነበርና መደበቅ አልፈለግሁም። ከዚህ በኋላ ግን እሳቸው ናቸው።

"ይነሳ" አልኩት ባለሙያውን።

"ለማንሳት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ንብረት ነው" አለ።

ሽማግሌው የእኛን ንግግር አልጠበቁም። ተመልሰው ውሃው ውስጥ ገብተው የመጀመሪያውን ግንድ በትከሻቸው ይገፉ ጀመር። ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳቸው። ጡረተኛ አስተማሪ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ ውስጥ ስትገባ ባልዲ የያዘው ሕዝብ ሳቁን ለቀቀው፤ ይሳቅ። ባለሙያው ትንሽ አየንና "እኔ ምንም አላየሁም" ብሎ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ያን ልጅ ከኋላ ወንበር እያስነሳሁ ስቀጣው የኖርኩት በከንቱ ነው አልኩ በሆዴ።

ሦስተኛው ግንድ ሲነቀል ሽቦው በአንድ ወገን ተጋደመ። ባነሩም አብሮት ውሃው ላይ ተኛ። አንድ ዓሣ በጉልበቴ አጠገብ አለፈ፤ ሌላው ተከተለ፤ ከዚያማ መቁጠር የለም። እግሬን እየገፉኝ ያልፋሉ፤ ቀዝቃዛና ጠንካራ ናቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ዘርግተው ቆመው በመዳፋቸው ሥር ያሳልፏቸዋል። በራሳቸው ቋንቋ የሆነ ነገር ይሏቸዋል። ምን እንዳሉ አላውቅም፤ በዚህ አገር ተወልጄ አርጅቼ ያን ቋንቋ ለመማር አንድ ቀን አልደከምኩም።

ስንቱ እንዳለፈ፣ ስንቱ እንደተበላ አላውቅም። ቤቴ ስመለስ መክተፊያው ላይ የተውኩት ዕንቁላል ደርቆ ጠብቆኛል። ዓሦቹን ድመት ወስዷቸዋል። ዕንቁላሉን እየፋቅሁ ሳጸዳ አለቀስኩ፤ ዓይኔን ዓሣ በነካ እጄ ጠረግሁ።

ከሳምንት በኋላ የዓሣ መምህሩ መጥቶ ከመለስነው ጠጠር መሃል አንድ ድንጋይ ቀስ አድርጎ አነሳና አሳየን፤ ከሥሩ ያቺ ብርቱካንማ ነገር ተጣብቃለች። ቀበሌውም ተሰብስቦ ጠጠሩ ለግንባታ እንደተዘጋ እንዲቆይ ወሰነ። ሊቀመንበሩ ራሱ ከሽቦው ሥር የታፈሰ ዓሣ ጠብሶ ስለበላ "አልታየም" ማለት አልቻለም። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ዓሣ መታየቱን እንደ ራሱ ውጤት ሪፖርት አደረገ አሉ። ሪፖርቱን አላነበብኩትም።

በመጪው ዓመት ሽቦው እንዳይመለስ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ሽማግሌው ወደ ሌላ ጸሐፊ ይሄዳሉ ብዬ ስፈራ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው እኔው ጋ መጡ። በረንዳው ላይ አልተቀመጡም፤ ገብተው ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ከእጄ በላይ ቆሙ።

"ጻፍ" አሉኝ። "ዓሣ ወደ ላይ ይሄዳል። ታች አትዝጋ። ላይ አትቆፍር።"

ጻፍኩ። ቃል በቃል።

"አንብብ።"

አነበብኩ። "ድገም" አሉ፤ ደገምኩ። ዓይናቸው ከወረቀቱ አልተነሳም።

"'ወደ ላይ' የሚለው የት ነው?"

"እዚህ ነው፣ ጋሼ" ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው።

የቀለሙን ሳጥን ሳቡ። አውራ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱ ላይ ሲያቀርቡት፣ ፊርማው ከታች ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ጣታቸውን ቃሉ ላይ አሳረፉ፤ ተጭነው ቆዩ። ሲያነሱት "ወደ ላይ" በሰማያዊው አሻራ ውስጥ ይነበባል።

"አሁን አንተ አትነካውም" አሉኝ።